ያልተገኙት አሥራ ዘጠኝ ካርዶች

እታገኘሁ በጽባሕ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ አንድም ካርድ ጠፍቶባት አያውቅም። ይህን በራሷ አፍ አትናገረውም፤ ሌላ ሰው ሳይናገርላት ከዋለ ግን ቅር ይላታል። ጽባሕ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ በአሸተን ተራራ ግርጌ ያለ ትንሽ ሆስፒታል ነው። ኮምፒውተር ከገባለት አራት ዓመት ሆኖታል። ግን መብራት ሲኖር የሚያውቅበት ሰው የለም፣ የሚያውቅበት ሰው ሲኖር መብራት የለም፤ ስለዚህ የካርዱ ሥራ እስከ ዛሬም በእታገኘሁ እጅና እግር ነው። ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የመጣ ገበሬ «ከስድስት ዓመት በፊት እጄ ተሰብሮ እዚህ ጀሶ አድርጋችሁልኝ ነበር» ካላት ስሙን ከነአባቱ ትጠይቅና መሰላሏን ታስጠጋለች። ከጣራ ሥር ካለው መደርደሪያ ካርዱን ጎትታ፣ አቧራውን እፍ ብላ ስትሰጠው ገበሬው ከስብራቱ መዳን ይልቅ በዚህ ይደነቃል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አጥኚ በዝቷል። ከዩኒቨርሲቲ የሚላኩ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞች ናቸው። አንዱ እንቅርታቸውን የተቀደዱትን ያጠናል፣ አንዷ በወሊድ ደም የፈሰሳቸውን እናቶች። ሌላው ከገደል ወድቀው እግራቸው የተሰበረውን ይቆጥራል፤ አንዱማ ሦስት ወር ሙሉ የቀዶ ሕክምና ቁስል ለምን እንደሚያመረቅዝ ሲጽፍ ከርሞ፣ ሲሄድ የሻይ ብርጭቆውን ሳይመልስ ሄደ። ሁሉም የሚገቡት በእታገኘሁ በር ነው፤ ያለ ካርድ ጥናት የለማ። እሷም ሐኪሞቹን በሁለት ትከፍላቸዋለች፦ ካርዱን ባገኙበት ቦታ የሚመልሱና የማይመልሱ። የልብ ይሁኑ የአጥንት አይገዳትም።

ዶክተር የትናየት ከሚመልሱት ወገን ነበረች። መስከረም ላይ ነው የመጣችው፤ ቀጠን ያለች፣ ቶሎ የማትቆጣ፣ የቀዶ ሕክምና ተማሪ። ጥናቷ ስለ አንጀት መታጠፍ ነው። ይህ በሽታ በደጋው ገበሬ ላይ ይበረታል፤ አንጀቱ በራሱ ላይ ይዞርና ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ነፋስም አይወጣውም። ሐኪሙ በታች በኩል ቱቦ ከትቶ አየሩን ካስወጣለት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆዱ ጎድሎ፣ ሰውየው ተቀምጦ ያወራል። ነገሩ ግን አላለቀም። የላላው አንጀት ተቆርጦ ካልወጣ ተመልሶ ሊታጠፍ ይችላል። የትናየት መልስ የምትፈልግለት ጥያቄ ይህ ነበር፦ በሽተኛው እዚያው እንደተኛ ኦፕሬሽን ይደረግ ወይስ በቱቦው ቀለል ብሎት ቤቱ ይሂድና በቀጠሮ ይምጣ? በጽባሕ አልጋ ጥቂት ነው፣ በሽታውም ብዙውን ጊዜ የሚብሰው በአጨዳ ወራት ነው። ሆዱ የጎደለለት ገበሬ ደግሞ አልጋው ላይ እሾህ የተነጠፈ ይመስል «ልሂድ» ይላል። ስለዚህ ከግማሽ በላዩ በቱቦ ተሸኝቷል።

ከ2008 ዓ.ም. እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ ሆስፒታሉ ተዘግቶ የቆየባቸውን ወራት ሳይጨምር፣ በመዝገብ የሰፈሩት መቶ ሠላሳ አምስት ሰዎች ነበሩ። ስድሳ አራቱ ወዲያው ተቀድደዋል፤ ሰባ አንዱ በቱቦ ተሸኝተዋል። የትናየት የካርድ ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። እታገኘሁ በአሥር ቀን ውስጥ መቶ አሥራ ስድስቱን አመጣችላት።

«አሥራ ዘጠኙስ፣ እትዬ?»

«እነሱ መደርደሪያው ላይ የሉም» አለች እታገኘሁ።

ውሸት አልነበረም። መደርደሪያው ላይ አልነበሩም። የትናየትም እንደ ቀደሙት አጥኚዎች ሁሉ በእስክሪብቶዋ «ካርዱ አልተገኘም» ብላ ጻፈች። እታገኘሁ ይቺን ቃል ባየች ቁጥር ሰው ሌባ ያላት ያህል ይሰማታል፤ ግን ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ካርዶቹ የት እንዳሉ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ከወንበሯ ጀርባ አንድ የብረት ቁም ሣጥን አለ፤ ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው። አለቆቿ አሮጌ ፎርም ያለበት ይመስላቸዋል። ያለበት ግን የሟቾች ካርድ ነው።

ይህን ልማድ የጀመረችው ገና ሥራ በገባች በሦስተኛው ዓመት ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የቀጠሮ ካርዶችን ተሸክማ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስም ትጠራለች። ከካርዶቹ መሐል የንጋት ነበረ። ንጋት ከሦስት ሳምንት በፊት በወሊድ የሞተች የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ካርዷን ግን ያነሣው ሰው አልነበረም፣ እታገኘሁም መሞቷን አታውቅም። «ንጋት» ብላ ጠራች። ዓይኗን ልትታይ የመጣችው የልጅቱ እናት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ኖሯል። «አቤት፣ መጣች» አለችና ተነሥታ ልጇን በበሩ በኩል ፈለገቻት። ከዚያ ትዝ አላት። እታገኘሁ የዚያን ለት የሰማችውን ጩኸት ለማንም ደግማ አትነግርም።

ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ዕለት ካርዱን ራሷ ሄዳ ከክፍሉ ታመጣለች፣ ከመደርደሪያው ታወጣዋለች፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ታኖረዋለች። ኦፕሬሽን ተደርጎለት የሞተ ሰው ካርድ ብቻ ከኦፕሬሽን መዝገቡ ጋር ስለሚቀመጥ ከዚያ አታነሣውም። የደረደረቻቸው በቁጥር ሳይሆን በዕረፍታቸው ቀን ነው። ሕያው ከሕያው፣ ሙት ከሙት። ሐኪም ሊያድነው ያልቻለውን ሰው አሁን ደግሞ ቆጣሪ ሐኪም ለምን ይቀስቅሰው? ይህ ለእሷ ወግ ነው፤ እንዲያውም ቅድስና ያለበት ወግ። ሊቆጣት የሚችል ሰው ቢኖር እንኳ እሷ አትሰማውም ነበር።

በኋላ ግን ሌላም ምክንያት ተጨመረበት። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የወንድሟ የበለጠ ካርድ አለ።

በለጠ ታላቅ ወንድሟ ነው። የእሷን ስም ያወጣው እሱ ነው ይባላል፤ ከአምስት ወንድ በኋላ ስትወለድ ሮጦ ለጎረቤት «እት አገኘሁ» ብሎ የተናገረው እሱ ነበርና። ከሙጃ በላይ ባለው ቀያቸው ገብስና ስንዴ ያርስ ነበር። በኅዳር 2012 ሆዱ ተነፍቶ የቀዬው ሰው በቃሬዛ አስፋልት አውጥቶ፣ በመኪና ጽባሕ አደረሰው። ቱቦ ተደረገለት፣ ሆዱ ጎደለ፣ በማግስቱም እየሳቀ «ገብሴ ማሳ ላይ ነው፣ እቴዋ። ዝናብ ካገኘው አለቀልኝ። ለሐኪሙ ንገሪልኝ» አላት። ሐኪሙ ብዙም አላንገራገረም። በቱቦ የተሸኙት ደህና እንደሆኑ ነበር የሚያውቀው። ለአሥራ አምስት ቀን ቀጠሮ ሰጠው፣ ቤተሰብ ይፈርም አለ። በለጠ አይጽፍም፤ እሷ ፈረመችለት።

በአሥራ አንደኛው ቀን በቃሬዛ ተመለሰ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ አንጀቱ ሞቶ ነበር፤ ኦፕሬሽን ክፍል ሳይገባ አረፈ። ገብሱን በቀብሩ ሳልስት የቀዬው ሰው ደቦ ወጥቶ በግማሽ ቀን አጨደው።

እታገኘሁ ካርዱን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ስታኖር አልከፈተችውም። ፊርማዋ እዚያ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ካርድ ሳትነካ ሌሎቹን ከፊቱም ከኋላውም ትጨምር ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ዓርብ ጠዋት የትናየት ጥናቷን ለሠራተኛው አቀረበች። እታገኘሁንም «እትዬ፣ የግድ ይምጡ» ብላ ጠርታት ነበርና ነጠላዋን አስተካክላ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የጥናቱ ወረቀት ለሁሉም ታደለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ካርዶቹን በትጋት ፈልገው ላቀረቡልን ለወይዘሮ እታገኘሁ» የሚል ምስጋና ታትሟል። ስሟ በታተመ ወረቀት ላይ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አላት፤ ለምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አላት።

ከዚያ ውጤቱ ተነበበ። ወዲያው ከተቀደዱት ስድሳ አራት ሰዎች አራቱ ሞተዋል። በቱቦ ተሸኝተው ካርዳቸው ከተገኘው ሃምሳ ሁለት ሰዎች የሞተ የለም።

«አንድም?» አለ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደሳለ።

«አንድም። አሥራ ዘጠኝ ካርድ አልተገኘም፤ ያንን ጽፌዋለሁ።»

አቶ ደሳለ ደስ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ በሽተኛ ወለል ላይ ሲተኛ እያየ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። «እንግዲያው ቱቦ እያደረግን መሸኘት ነው። አልጋም ይተርፈናል። ከኅዳር ጀምሮ ሁሉንም እንደዚያ እናደርጋለን» አለ። ጥናቱም ሰኞ ለዩኒቨርሲቲው እንዲላክ ተባለ። ሰው አጨበጨበ። እታገኘሁም እጇ ሳያስበው ሁለት ጊዜ አጨበጨበ፣ ከዚያ ጭኗ ላይ ቀረ።

አንድም የሞተ የለም። በለጠስ?

ካርድ ክፍል ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ቁም ሣጥኑ ከጀርባዋ ነው። ነገሩ ላልተማረ ሰው እንኳ ግልጽ ነው፤ የሞቱትን ካስቀመጥሽ በኋላ የቀሩትን ብትቆጥሪ የሞተ አታገኚም። ኅዳር ደግሞ ሊገባ አንድ ሳምንት ነው የቀረው። ቁም ሣጥኑን ከከፈተች ግን የወንድሟ ካርድ ይከፈታል። ፊርማዋ ይታያል። «እኅቱ ናት እኮ ያስወጣችው» ይባላል። ይህን ከሰው አፍ ከመስማት መደርደሪያው ሁሉ በላይዋ ቢወድቅ ትመርጥ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት እንዲህ ስትል ቆየች። የመጣ ሰው ስሙን ሁለት ጊዜ እንዲናገር ጠየቀች፤ ይህም ከእሷ የማይጠበቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስላት ነበር።

ከምሳ በኋላ ማተቧን ከአንገቷ ስባ ቁልፉን አወጣች። ከየትናየት ዝርዝር ላይ አሥራ ዘጠኙን ቁጥር እያየች አንድ በአንድ አነሣች። ሁሉም ነበሩ። አንድም ካርድ አልጠፋባትም። የበለጠን ከሁሉ በታች አድርጋ ይዛ ወደ ሐኪሞች ክፍል ወጣች።

የትናየት ብቻዋን ነበረች። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ስታይ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ የመጀመሪያውን ከፍታ ስታነብ ግን ፈገግታው ጠፋ።

«እነዚህ ከየት መጡ፣ እትዬ?»

«እኔው ጋ ነበሩ። የሞቱት ናቸው» አለች እታገኘሁ። ከዚያ የንጋትን እናት ነገር ነገረቻት። ለማንም ስትነግር የመጀመሪያዋ ስለሆነ ቃላቱ ተቀዳደሙባት፣ ተደናቀፈች፣ ግን ጨረሰች።

የትናየት አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ካርዶቹን ማንበብ ጀመረች። ረጅም ሰዓት ወሰደ። አምስቱ በሌላ በሽታ የሞቱ ነበሩ። አሥራ አራቱ ግን በቱቦ ተሸኝተው፣ አንጀታቸው ተመልሶ ታጥፎ፣ ዘግይተው መጥተው ድንገተኛ ክፍል የሞቱ ናቸው። ድንገተኛ ክፍል የሞተ ሰው ኦፕሬሽን መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር ከካርዱ በቀር ሞቱን የሚያሳውቅ ነገር የለም። በሁሉም ላይ አንድ ቃል ተጽፏል፦ «በራሱ ጥያቄ፣ ቤተሰብ ፈርሞ ወጣ።»

የመጨረሻውን ካርድ ስትከፍት የትናየት ፊርማውን አየች፣ ቀና ብላም እታገኘሁን አየች። ይህንን ፊርማ በየቀኑ የካርድ መረከቢያ ላይ ታየዋለች።

«ወንድሜ ነው» አለች እታገኘሁ። «እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

የትናየት ካርዱን ቀስ ብላ ዘጋችው። «ያኔ ማንም ይህን አላወቀም፣ እትዬ። ሐኪሙም አላወቀም።»

«ያ ነው እኮ። ከአያ በለጠ በፊት የሞቱት ስንት ናቸው? ቀናቸውን እይልኝ።»

የትናየት ካርዶቹን በዓመት ደረደረቻቸው፤ ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ብትዋሽላት ደስ ይላት እንደነበር ፊቷ ይናገር ነበር።

«ዘጠኝ።»

«እነዚያ ዘጠኝ ካርዶች መደርደሪያው ላይ ቢሆኑ፣ ያየ ሐኪምም ቢኖር፣ አያን ይለቁት ነበር?»

«አይለቁትም ነበር ብዬ አስባለሁ» አለች የትናየት። «ግን ጥፋቱን ለብቻዎ አይውሰዱት። አራት ሰው ከእኔ በፊት ካርዶች አጥቷል። 'አልተገኘም' ብሎ መጻፍ ለሁላችንም ቀላል ነበር። ሙቶቹ የት ናቸው ብሎ የጠየቀዎት አለ?»

የጠየቃት አልነበረም። ይህ እውነት ነው፤ ግን አላጽናናትም። አምስት ዓመት ሙሉ የፈራችው ፊርማዋን ነበር። ፊርማውማ ማንም እኅት የምትፈርመው ፊርማ ነው። ወንድሟን ሊያተርፉት የሚችሉት ዘጠኝ ሰዎች ግን ከወንበሯ ጀርባ ተቆልፈው፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አድርጋ ስትዞር ኖራለች፤ ያውም በደግነት። በየትናየት ፊት አለቀሰች። የትናየትም ወንበሯን አስጠግታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ጥናቱ ሰኞ አልተላከም። በቀጣዩ ዓርብ የትናየት ያው አዳራሽ ውስጥ ቆማ «ባለፈው ሳምንት የነገርኳችሁ ስሕተት ነበር» አለች፤ ወጣት ሐኪም አለቆቿ ፊት ይህን ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተሸኙት ሰባ አንድ ሰዎች አሥራ አራቱ በዚያው በሽታ ሞተዋል። ከተቀደዱት ስድሳ አራት ሰዎች ደግሞ አራቱ። አቶ ደሳለ ቁጥሮቹን እንደገና አንብቦ «ስለዚህ እዚሁ እንደተኙ ይቀደዱ። አልጋውን እንደምንም እናብቃቃለን» አለ። የቁም ሣጥኑ ነገር ቢነሣ ልትመልስ እታገኘሁ ተዘጋጅታ ነበር፤ የትናየት ግን «ካርድ ክፍል ሙሉውን አቀረበልን» ብላ አለፈችው። እታገኘሁ እጇን አወጣችና ራሷ ተናገረች። የወንድሟንም ስም ጨመረች። ማንም «ያስወጣችው እሷ ናት» አላላትም፤ ቢሉም ዝግጁ ነበረች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የቁም ሣጥኑን ካርዶች በየቁጥራቸው መለሰች። በኮሪደር የሙት ስም እንዳይጠራ በሟቾች ካርድ ጥግ ላይ ጥቁር ምልክት አደረገች፤ ይህ ዘዴ ያኔውኑ እንዴት እንዳልመጣላት ስታስበው ራሷን ይገርማታል። የበለጠን ካርድ ስትመልስ ግራና ቀኙ ያሉት ሁለቱም በሕይወት ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አንዲት ሴት ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆመች። ስሜነሽ ትባላለች። ደርበው የሚባለው ባሏ ትናንት ሆዱ ተነፍቶ መጥቶ፣ በቱቦ ጎድሎለት፣ ለነገ ኦፕሬሽን ተይዞለታል። እሱ ግን አሻፈረኝ ብሏል።

«ፈርሞ መውጫውን ወረቀት አምጪ ብሎኛል» አለች ስሜነሽ። «እኔ ነኝ የምፈርመው። ስንዴው ማሳ ላይ ነው፣ እትዬ። ደመናውን አታዪውም? አጭዶ በሳምንቱ ይመጣል።»

ወረቀቱ የእታገኘሁ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰው ሲጠይቅ የመስጠት ግዴታ አለባት። መሳቢያውን ሳበች፣ ወረቀቱን አወጣች፣ ግን አልሰጠቻትም። ተነሥታ መደርደሪያው ጋ ሄደችና ጥግ ላይ ጥቁር ምልክት ያለበት ካርድ ይዛ መጣች። መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ እጅ።

«ይህ ወንድሜ ነው፤ ይህ የኔ ፊርማ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀኑ በቃሬዛ መጣና ሞተብኝ። እሱም እንደ ባልሽ እየሳቀ ነው የወጣ።»

ስሜነሽ ከስሟ በቀር ፊደል ባትቆጥርም ፊርማውን ረጅም ጊዜ አየችው። «ስንዴውስ?» አለች ዝቅ ብላ።

«የወንድሜን ገብስ በቀብሩ ሳልስት ጎረቤት ወጥቶ በግማሽ ቀን አጨደው» አለች እታገኘሁ። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ በመስኮቱ አሾለከችላት። «ሳይሞት ብንጠራቸውም ይመጡ ነበር። አልጠራናቸውም። ማነው በቀያችሁ ደቦ የሚጠራ?»

ስሜነሽ ስልኩን ተቀብላ የደቦ ጠሪያቸውን ቁጥር በቃሏ ነካካች።